ከእህቴ ጋር አንድ ክፍል

እሑድ

ተኝታለች። ነገ ሃይድሮሊክስ ፈተና አለብን፣ እሷ ግን ሃንድአውቱን ደረቷ ላይ ዘርግታ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። ገና ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የከፈትኩትን ምዕራፍ እስካሁን አልጨረስኩትም። እሷ አንዴ አገላበጠችው፣ "ገባኝ" አለች፣ ተኛች። "ገባኝ" ስትል አንገቷን ማነቅ ያምረኛል።

ሌንሳ ታናሽ እህቴ ናት፣ በአንድ ክፍል ነበር የምቀድማት። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የእማዬ ስኳር እግሯን አቆሰለውና ሆስፒታል ተኛች። አጠገቧ ሰው ያስፈልግ ነበር። አባዬ ሥራ ላይ ነው፣ ሌንሳ ፈተና ላይ ናት፣ ስለዚህ እኔ ትምህርቴን አቋረጥኩ። ማንም ሂጂ አላለኝም፣ ማንም አትሂጂም አላለኝም። እማዬ ድና ስመለስ ሌንሳ ደርሳብኝ አገኘኋት። ያው ዲፓርትመንት፣ ያው ክፍል። አሁን ሁለታችንም አራተኛ ዓመት ሲቪል ነን። አዲስ ሰው "መንታ ናችሁ እንዴ?" ሲለን ሌንሳ ትስቃለች። እኔ አልስቅም።

ምሳ ላይ ደግሞ አባዬ። ገልባጭ መኪና ነው የሚነዳው፣ አሸዋና ጠጠር ያመላልሳል። ከሲኤምሲ እስከ አያት ከሚቆመው ሕንፃ ግማሹ የሱ ጠጠር ያለበት ይመስለዋል፤ ሲያልፍ በጣቱ እያሳየ "ይሄም የኔ ነው" ይላል። ዛሬ እንጀራውን እየቆረሰ "ሌንሳ ስትመረቅ እሷ ትነድፋለች፣ እኔ ጠጠሩን አቀርባለሁ" አለ። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

"ቢፍቱም" አለ።

ቢፍቱ-ም። በአንዲት "ም" ተለጥፌ ሕንፃው ውስጥ ገባሁ።

እማዬ ሳህን ስታነሳ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ አለፈች። ሰምታዋለች ማለት ነው።

የቀረኝ፦ የቧንቧ ኔትወርክ፣ ፓምፖች፣ ያለፈው ዓመት ፈተና። ሌንሳ የቀራት፦ ከእንቅልፍ መነሳት።


ሰኞ

ሃይድሮሊክስ አለፈ። እኔ ማለፌን አላውቅም፣ እሱ ግን አለፈ።

ለባቡሩ ተብሎ መንገዱ ከተቆፈረ ወዲህ ከሰፈራችን መገናኛ መድረስ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከሳሊተ ምሕረት የያዝነው ታክሲ ጉርድ ሾላ ሲደርስ ጭራሽ ቆመ። ወርደን በጭቃው በእግራችን አዘገምን። እኔ ቀመሮቹ እንዳይጠፉብኝ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ሌንሳ ጉድጓዱን አጎንብሳ እያየች "ይሄን ግድግዳ ማን ይሆን የሠራው? ያምራል" ትላለች። ሽርሽር የወጣች ነው የምትመስለው።

ሰዓቱ ሳይጋመስ ወረቀቷን አስረክባ ወጣች። እኔ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ስወጣ ልጆቹ ከበዋታል። "ሰቃይዋ፣ ሦስተኛው ስንት መጣልሽ?" ነገረቻቸው። የኔ መልስ ሌላ ነው። "አንቺስ ቢፍቱ?" ሲሉኝ "እኔም እንደሱ" አልኩ። ምን አስዋሸኝ?

ከዚያ ኢንስትራክተር ዮናስ ከኮሪደሩ ጫፍ "ቢፍቱ! አንዴ" ብሎ ጠራኝ። ስትራክቸር የሚያስተምረን እሱ ነው። "ኦሎምፒያ ያለ አንድ አማካሪ ቢሮ ለክረምት አብሯቸው የሚሠራ ጎበዝ ተማሪ ላክልን ብለውኛል" አለ። በዚያች ቅጽበት ክረምቱን ሙሉ ኖርኩት፤ ሄልሜት አደረግኩ፣ ፎቅ ላይ ወጣሁ፣ አባዬ ከታች ጠጠር ሲያራግፍ አየሁት።

"እህትሽ ስልክ አታነሳም። ነገ አራት ሰዓት እንድትሄድ ንገሪልኝ።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

እሷን ሳገኛት አልነገርኳትም። ታክሲ ሰልፍ ላይ አልነገርኳትም። ባልነግራትስ? ስልክ የማታነሳው እሷ ናት፣ የኔ ጥፋት አይደለም። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ሰፈር ልንወርድ ስንል ግን መስኮት መስኮቱን እያየሁ ነገርኳት። እልል ትላለች ብዬ ነበር። "ሰው ፊት ማውራት እንደማልችል ታውቂ የለ፤ አብረሽኝ ካልሄድሽ አልሄድም" አለችኝ።

ይግረምሽ ቢፍቱ፤ መልእክቷን ብቻ አይደለም፣ ራሷንም ልታደርሻት ነው።


ማክሰኞ

ሄድኩ። ሰማያዊ ጃኬቴንም ለበሰችው፣ ደግሞ አማረባት።

ቢሮው ከላይኛው ፎቅ ነው። በመስኮቱ የቦሌ መንገድ ሕንፃዎች ይታያሉ፣ ግማሾቹ ገና አጥንት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለሉ ፕላኖችና ጭቃ የነካው ነጭ ሄልሜት አለ። የሄልሜቱ ባለቤት ሴት ናት! ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ ቦት ጫማ ያደረገች ኢንጂነር። እንደሷ መሆን ነው የምፈልገው፣ ልክ እንደሷ።

ሌንሳን አንድ ፕላን ዘርግታ "ይሄን እዪልኝ እስቲ" አለቻት። ሌንሳ ድምፅዋ አይሰማም፣ ብቻ እርሳስ አነሳችና አንድ ቦታ ላይ ክብ አደረገች። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። "ይቺን ስህተት እኛም ሁለት ቀን ፈጅቶብን ነው ያገኘናት" አለች። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ "አንቺስ የኔ ቆንጆ፣ አንቺም ተማሪ ነሽ?" ስትለኝ፣

"እህቷ ነኝ" አልኩ።

እህቷ ነኝ! ጥያቄው እኮ እሱ አልነበረም። እኔም ሲቪል ነኝ፣ አራተኛ ዓመት ነኝ፣ ይሄንን ፕላን ለኔም ያሳዩኝ ማለት ስችል። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ሻይ እፈልግ እንደሆን ጠየቀችኝ። ሻይ ጠጣሁ።

ሌንሳ ተቀበሏት። ሐምሌ ላይ ትጀምራለች። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዛ "ባትኖሪ አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር" አለችኝ። ብኖርም አልተናገርሽም፣ አላስፈለገሽም ልላት ፈልጌ ዋጥኩት።

አባዬ ማታ ሲሰማ ተነስቶ ግንባሯን ሳማት። ለዛሬ ይበቃኛል።


ረቡዕ

ተጣላን። በደንብ ተጣላን።

ነገ ስትራክቸር ነው። ከሁሉም የሚከብደው፣ ከሁሉም የምፈራው። ጠዋት አንዲት ጥያቄ ላይ ተጣብቄ ቁጭ ብያለሁ። ስሠራት ስሰርዛት፣ ስሠራት ስሰርዛት። ሌንሳ ከኋላዬ መጣች፣ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ አለችና በእርሳሷ ከአንዱ ቁጥር ፊት ያለውን ፕላስ ማይነስ አደረገችው። በቃ ይኸው ነው። ትክክል ናት፤ ሙሉ ጥያቄው ተፈታ።

"ማን ጠየቀሽ?" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

"ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው።"

"አታግዢኝ! ከኔ በፊት ገብቶሽ፣ ከኔ በፊት ወጥተሽ፣ ኦሎምፒያም ሄደሽ፣ ለኔ ይቺን አንዷን ጥያቄ መተው አቃተሽ?"

"ዓመትሽን እኔ አልወሰድኩብሽም!" አለች። ሌንሳ ጮኻ አታውቅም። "ሁልጊዜ እንደ ሌባ ነው የምታዪኝ። እኔ ነኝ አቋርጪ ያልኩሽ?"

"አይደለሽም። አንቺ ምንም አላልሽም። ምንም!"

ከዚያ ቀስ ብላ የተናገረችውን እንዳለ ልጻፈው፦ "አንቺ አንድ ዓመት ጠፋብኝ ትያለሽ። እኔ ደግሞ እማዬ ናት የጠፋችብኝ። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ አንድ ቀን መርፌዬን አቀብዪኝ ብላኝ አታውቅም። ሲያማት ቢፍቱ፣ ውሃ ስትፈልግ ቢፍቱ፣ ስትስቅ እንኳ አንቺን አይታ ነው የምትስቀው። ኤ ይዤላት እመጣለሁ፤ ጎበዝ ትለኝና ፊቷን ወዳንቺ ታዞራለች። የማላውቃቸው ነገሮች አሏችሁ። ቀልዳችሁ ራሱ አይገባኝም።"

በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ለሰው የማልናገረውን ለዚህ ገጽ ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። የሌላት ነገር አለ፣ እሱም እኔ ጋ ነው። ሐዘኑ በኋላ መጣ።

ምሳ ለየብቻ በላን። እማዬ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን እያየች "ኢንታላ ኮ፣ ምን ሆናችኋል?" አለች። ኢንታላ ኮ ማለት በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። አንድ ልጄ። ለማንኛችን እንዳለችው ሁለታችንም አልጠየቅናትም።


ሐሙስ

እማዬ ደህና ናት። መጀመሪያ እሱን ልጻፍ። ደህና ናት።

ጠዋት ልብሴን ስለብስ ወጥ ቤት ብርጭቆ ሲሰበር ሰማሁ። ስሮጥ እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፣ ግንባሯ ላቦት በላቦት ሆኗል፣ ስጠራት አትመልስም። ዓይኗ ያየኛል ግን አያውቀኝም። የኢንሱሊን መርፌዋን ተወግታ፣ ለኛ ምሳ ስትቋጥር ቁርሷን ረስታዋለች። ስኳሯ ወርዷል። ከዚህ በፊትም አይቻለሁ፣ ግን እንዲህ ሆና አታውቅም።

ሌንሳ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። "ምን ላድርግ? ቢፍቱ፣ ምን ላድርግ?" ማር አምጪ አልኳት። በጣቴ ድዷንና ጉንጯን ከውስጥ ቀባኋት። ጋሽ ተሾመን ጥሪ አልኳት፤ ጎረቤታችን ናቸው፣ ታክሲ አላቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ በሸሚዛቸው ነው የወጡት። "ያዟት፣ ያዟት፣ አይዟችሁ ልጆቼ" እያሉ ሲኤምሲ መንገድ ላይ ካለው ክሊኒክ አደረሱን። ግሉኮስ በደም ሥሯ ሲገባ ቀስ በቀስ ፊቷ ተመለሰ። ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ መልሳ ተኛች።

ሲስተሯ "አልጋ ላይ ትቆያለች። እንደገና ሊወርድ ስለሚችል አንድ ቤተሰብ አጠገቧ ይኑር" አለች።

አባዬ አሸዋ ለመጫን ከከተማ ወጥቷል፣ ስልኩ አይሠራም። ፈተናው ሊጀመር ነው። ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት በኋላ ማንም አይገባም።

ኮሪደሩ ላይ ቆምን፣ እኔና ሌንሳ። ይህን ኮሪደር አውቀዋለሁ። ክሊኒኩን ሳይሆን፣ እንዲህ መቆሙን። ማን ይቀራል የሚባልበት ቦታ ነው፣ ማንም ሳይናገር እኔ የምቀርበት። ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። አልቅሼ እንደሆነ አላውቅም።

ሌንሳ ቦርሳውን አንስታ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለችው።

"ሂጂ" አለችኝ።

"አታውቂም እኮ። ምን እንደምትወስድ፣ ምን እንደሚከለከል..."

"ንገሪኝና ልወቅ። አንቺስ ስትወለጂ ታውቂ ነበር?"

"ሌንሳ፣ አንቺ ነሽ ኤ የምታመጪው።"

"ያኔ እኔን ሳትጠይቂ እማዬ ጋ ቀረሽ" አለች። "አሁን እኔም አልጠይቅሽም። ሂጂ ብያለሁ፣ ጋሽ ተሾመ ሞተር አላጠፉም።"

የመድኃኒቱን ስም ነገርኳት። ስትነቃ መጀመሪያ ጉሮሮዋን እንደሚያደርቃት፣ ግራ እጇ ላይ ደም ሥር እንደማይገኝ፣ መርፌ ሲወጓት ዓይኗን በእጅ መሸፈን እንዳለባት። ሁሉንም ስነግራት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደግመዋለች። እኔ ቀመር ስይዝ እንደማደርገው።

ጋሽ ተሾመ በየትኛው ቅያስ እንዳመጡኝ አላውቅም። በገርጂ ገባን፣ የባቡሩን ቁፋሮ ሸሸን፣ አንድ ቦታ የእግረኛ መንገድ ላይ ሁሉ ወጥተዋል። በሩ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ኢንስትራክተር ዮናስ ከኋላዬ ሌላ ሰው እንዳለ ሊያይ አንገቱን አሰገገ። "እህትሽስ?" አለኝ። "አትመጣም" አልኩት።

ከፊቴ ያለው ወንበር የሷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የጀርባዋ ገጽታ ያናድደኝ ነበር። ዛሬ ባዶ ነው፤ ሰሌዳው ወለል ብሎ ይታየኛል። ሠራሁ። እንዴት እንደሠራሁ አልጽፍም፣ አላስታውስም። ብቻ ማይነሷን አልረሳሁም።


ዓርብ

እማዬ ቤት ገብታለች። ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቃት መጣ። ለሁሉም የምትነግረው አንድ ነው፦ "ሌንሳ ናት ያተረፈችኝ። ዓይኔን ስገልጥ እሷን ነው ያየሁት። መርፌ ሲወጉኝ ዓይኔን በእጇ ሸፈነችልኝ፣ ማን ነገራት?"

እኔ ነኛ የነገርኳት! ማሩንስ ማን ቀባሽ? ታክሲውንስ ማን አስጠራ? ለሴቶቹ አምባሻ እያዞርኩ በሆዴ ይህን ሁሉ እላለሁ።

ጠዋት ውሃ ስትፈልግ "ሌንሳ!" ብላ ተጣራች። ወንበሬ ላይ ግማሽ ተነስቼ ነበር፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በትምህርቱ ስቀና ኖርኩ። አሁን ደግሞ በሽተኛ በማስታመም ልቀናባት ነው። በዚህም! መድኃኒት ይኖረው ይሆን?


ቅዳሜ

ሌንሳ ስትራክቸርን ስላልተፈተነች ሊወሰን የሚችለው ሁለት ነገር ነው። ማካካሻ ፈተና ከፈቀዱላት ትፈተናለች። ካልፈቀዱላት ኤፍ ነው። ያ ኮርስ ከሌለ አምስተኛ ዓመት አይገባም፣ ስለዚህ ዓመት ትጠብቃለች። ኦሎምፒያም ይቀራል።

ዓመት ብትጠብቅ እኔ እንደ ድሮው እቀድማታለሁ። ታላቅ ታላቅ ይሆናል፣ ታናሽ ታናሽ። "መንታ ናችሁ?" የሚል አይኖርም። አባዬ ሲቆጥር "ቢፍቱ" ብሎ ይጀምራል፣ "ሌንሳም" ይላል።

ይህ ሐሳብ ዛሬ ልብስ ሳሰጣ መጣ። አባረርኩት። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ሁለተኛ ጊዜ ቶሎ አላባረርኩትም።

ሌንሳ እማዬ እግር ሥር ተቀምጣ፣ ሁለቱ ስለ ክሊኒኩ ሲስተር አረማመድ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ ቀልዱ አልገባኝም።


ሰኞ

ዲፓርትመንት ሄድን። ኃላፊው ትሑት ሰው ናቸው፣ ግን ወረቀት ነው የሚያዩት። የክሊኒኩን ማስረጃ አገላብጠው "ደንቡ የሚለው ተማሪው ከታመመ ነው። እዚህ የታመሙት እናት ናቸው" አሉ። ሌንሳ ወለሉን ታያለች። እንደ ልማዷ ድምፅ የላትም። አንድ ነገር በይ እያልኩ በክርኔ ገፋኋት፣ ምንም።

ዝም ብል ያልቃል። ማንም አይፈርድብኝም፤ እኔ አይደለሁም የከለከልኳት። ሌንሳ ቀና ብላ አየችኝ። ኦሎምፒያ ደረጃው ላይ ክንዴን ይዛ እንዳየችኝ ነው ያየችኝ።

"ጌታዬ፣ እኔን ያስታውሱኛል?" አልኩ። "እናታችን ስትታመም አቋርጬ የሄድኩት እኔ ነኝ። ፎርሙን የፈረሙልኝ እርስዎ ነበሩ። ያኔም የታመመችው እናት ናት። ለማቋረጥ ሲሆን ምክንያቱ በቂ ነበር፤ ለመፈተን ሲሆን ለምን አይበቃም? ከአንድ ቤት ስንት ዓመት ነው የሚወሰደው?"

ኃላፊው ወረቀቱን አስቀመጡት። በሩ ጋ የቆመው ኢንስትራክተር ዮናስ "እኔ ሌላ ፈተና አወጣለሁ፣ ለኔ አይከብደኝም" አለ። ኃላፊው መስኮቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፈረሙ። ከነገ ወዲያ ትፈተናለች።

ውጪ ስንወጣ ሌንሳ እያለቀሰች ትስቃለች። "እንዴት ነው እንደዚህ መናገር የምትችዪው? እኔ ሺህ ዓመት ብኖር አልችልም" አለች። ሆስፒታል ያስተማረኝ ነው ልላት አሰብኩ፤ ሐኪም ፍለጋ፣ አልጋ ፍለጋ፣ ደም ፍለጋ በየበሩ እየለመንኩ ነው የለመድኩት። አላልኳትም። ታክሲ ውስጥ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኛች። ትከሻዬ ደነዘዘ፣ ግን አላንቀሳቀስኩትም።


ረቡዕ

ሌንሳ ብቻዋን ገባች። አንድ ክፍል፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ ፈታኝ። እኔ ውጪ ቁጭ አልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

ስጠብቃት የስትራክቸርን ውጤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ልጆቹ ተሯሯጡ። እኔ መጨረሻ ላይ ሄድኩ። መለያ ቁጥሬን በጣቴ ይዤ ወደ ጎን ሄድኩ፣ ኤ። እንደገና ከላይ ጀመርኩ፣ ኤ። በስትራክቸር! የሌንሳ ቦታ ላይ ጭረት ብቻ ነው ያለው። ከሷ በላይ የሆንኩበት ወረቀት ይህ የመጀመሪያው ነው። ደስ አለኝ፣ ዘለልኩ ማለት ይቻላል። ዞር ብዬ ልነግራት ስል አጠገቤ የለችም። ለካ መጀመሪያ ልነግራት የምፈልገው ለሷ ነው።

ዛሬ ሰዓቱ ሳይጋመስ አልወጣችም። ሰዓቱ አልቆ፣ ወረቀቱን ተቀብለዋት ነው የወጣችው። ፀጉሯ ተንጨባሯል።

"እንዴት ነበር?"

"ከባድ። መጨረሻዋን አልሠራኋትም።" ሌንሳ ያልሠራችው ጥያቄ! "አንቺስ? ውጤት ወጥቷል አሉ። ስንት?"

"ኤ" አልኩ።

ቆም አለች። አንዴ ብቻ፣ ለአንድ አፍታ፣ ከንፈሯ ጥብቅ አለ፣ ዓይኗ ወደ ሰሌዳው ሄዶ ተመለሰ። እኔ ይህን ፊት አውቀዋለሁ፤ ከውስጥ በኩል ነው የማውቀው። ቀናችብኝ። ሌንሳ በኔ ቀናች! ከዚያ ወዲያው ጮኻ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ እሱም ከልቧ ነው። ከኤውና ከዚያች አፍታ የትኛው የበለጠ ደስ እንዳሰኘኝ እግዜር ይወቀው።

የሷ ውጤት ዓርብ ይወጣል። ኤ እንድታመጣ እጸልያለሁ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ሰረዝኩት። እንድታልፍ እጸልያለሁ። ኤውን ራሷ ትጨነቅበት።